የወንዙን ነገር ለማን እንንገር?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ክትባት ወይም ስለ ምግብ ሳይሆን ስለ ጠበቃ ነው። ነርስንና ጠበቃን ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። በሥራ ዘመኔ ቆዳው ላሳከከው ልጅ ቅባት፣ ላስቀመጠው ደግሞ ኦ.አር.ኤስ እየሰጠሁ ወደ ቤቱ ልኬአለሁ። ወንዙ ከተበከለ ግን ልጁ ተመልሶ ወደዚያው ውኃ ይወርዳል። ያንን በቅባት ማዳን አይቻልም፤ በሕግ ነው።

ደብረ ብርሃንን የሚያውቅ ሁሉ በሬሳን ያውቃል። ውኃው ወደ ጀማ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይሄዳል። ከተማችን ድሮ በብርድ ልብሷ ትታወቅ ነበር፤ በ2011 ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኳ ተመረቀ። ፋብሪካ የልጆቻችን እንጀራ ነውና ይዘጋ የሚል የለም። ፍሳሹን አጣርቶ ይልቀቅ ማለት ግን መብታችን ነው።

በቅርቡ አንዲት አያት፣ «መሬቴ ወንዙ ዳር አይደለም፣ ከብትም የለኝ፤ እኔን ማን ይሰማኛል?» ብለው ጠየቁኝ። መልሱ በሕጉ ውስጥ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖር የሁሉም ሰው መብት ነው ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ደግሞ ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። አያቲቱም ይችላሉ ማለት ነው።

ታዲያ ጠበቃው ምን ያደርጋል? አንደኛ፣ ቀን ይቆጥራል። አቤቱታው የሚቀርበው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ነው። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ብዙ ሰው በቃል ተናግሮ ይመለስና ቀኑ ያልፍበታል። ሁለተኛ፣ ማስረጃ ያደራጃል። በጠርሙስ የቀዳችሁትን ውኃ «ከየት መጣ?» የሚል አይጠፋም። በአዋጁ መሠረት ግን የአካባቢ ተቆጣጣሪ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ግቢ ገብቶ ናሙና መውሰድ ይችላል። ጠበቃው ይህ እንዲደረግ በጽሑፍ ይጠይቃል።

የፋብሪካ ጠበቃም አለ፤ እሱን እንደ ጠላት አትዩት። ጎበዙ ጠበቃ ደንበኛውን ገና ከመነሻው፣ «የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማህን በአዋጅ 299/1995 መሠረት አሠራ፣ ማጣሪያህን ሳትተክል ሥራ አትጀምር» ይለዋል። እንዲህ ያለ ምክር ባለሀብቱን ከቅጣት፣ ልጆቻችንን ከበሽታ ያድናል።

መንገዱ ቀላል ነው አልልም። ስለ አቃቂና ሞጆ ወንዞች ብክለት አፓፕ የተባለ የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከስሶ ነበር፤ ክሱ ግን ውድቅ ተደረገ። ሁለቱም ወንዞች አዋሽን ይቀላቀላሉ፤ ከአንኮበር ቁልቁል ወደ ቆላው የሚወርደው ውኃም የሚሄደው ወደዚያው ነው። መብት በወረቀት መኖሩ ብቻውን አይበቃም። ማንን፣ የት፣ እንዴት መክሰስ እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ቤታችሁ ሆናችሁ የምትጀምሩትን ልንገራችሁ። ልጁ ከታመመ መጀመሪያ ይታከም፤ የሕክምና ወረቀቱን ቀኑ እንዳለበት አስቀምጡ። የውኃው ቀለም ወይም ሽታ የተለወጠበትን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ በደብተር ጻፉ፤ በስልክ ፎቶ አንሱ። አቤቱታችሁን በጽሑፍ ለመዝገብ ቤት ስጡ፤ የገባበት ቀንና ቁጥር ያለበትን ቅጂ ሳትይዙ አትውጡ። ጎረቤት አብሮ ቢፈርም ይበረታል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ። ለጠበቃ የሚከፈል ከሌላችሁ የሕግ ትምህርት የሚሰጡ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉና ጠይቁ። እስከዚያው ልጆቹን ከተጠረጠረው ውኃ አርቁ። የፋብሪካ ኬሚካል በማፍላት አይጠፋም።

ሳምንት ሰው ይበለን።