«ምክር ብቻ ነው የሰጠሁት» ማለት ከተጠያቂነት አያድንም



በወልድያም፣ በመርሳም፣ በሀብሩ ገጠር ቀበሌዎችም ሴት ልጅ መቼ ትውለድ፣ ስንት ትውለድ፣ ሐኪም ቤት ትሂድ ወይስ ትቅር በሚለው ላይ ወሳኙ ብዙ ነው። ባል «ክንድሽ ላይ ያለውን መከላከያ ካላስወጣሽ ቀለብ እቆርጣለሁ» ይላል። አማት «የእኔን ልጅ ዘር ልታደርቂ ነው?» ትላለች። ያስረገዛትን ልጅ ነውሩ እንዳይታወቅበት በዛቻ አስወርጂ የሚል አለ። ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ የተነሳችውን ደላላ መርፌ ተወጊ ይላታል። ነገር ሲበላሽ ግን ሁሉም «እኔ ምክር ብቻ ነው የሰጠሁት» ብሎ ዞር ይላል።

ይህ ቃል በሸሪዓም በአገር ሕግም አያድንም።

በፊቅህ ኪታቦች የሚጠቀስ የዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ታሪክ አለ። ኸሊፋ ሳሉ አንዲትን ሴት ሰው ልከው አስጠሯት። እርጉዝ ነበረች። ከድንጋጤዋ የተነሳ መንገድ ላይ ምጥ ያዛት፤ ሕፃኑም ተወልዶ ሞተ። ዑመር ሶሐቦችን አማከሩ። ከፊሎቹ መሪ ሥርዓት ለማስያዝ ባደረገው ነገር አይጠየቅም አሉ። ዐሊይ (ረ.ዐ) ግን ያስደነገጧት እርስዎ ስለሆኑ ዲያው በእርስዎ ላይ ነው ብለው ፈረዱ። ዑመርም ተቀበሉ። ልብ በሉ፤ አልመቷትም፣ አልሰደቧትም፤ መልክተኛ ብቻ ነው የላኩት። በአሚረል ሙእሚኒን ላይ የጸና ፍርድ በባልና በአማት ላይ እንዴት ይቀራል?

አላህ በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 233 ሕፃን ጡት የሚጥለው በሁለቱ ወላጆች ውዴታና ምክክር እንዲሆን፣ እናትም በልጇ ሰበብ እንዳትጎዳ አዟል። ጡት ለማስጣል ምክክር ከተፈለገ ለማርገዝማ ምን ያህል ይፈለግ! አብዛኞቹ ዑለማዎችም ባል ዐዝል ለማድረግ የሚስቱን ፈቃድ እንዲጠይቅ ያሉት በልጅ ጉዳይ እሷም ሐቅ ስላላት ነው።

ወደ አገራችን ሕግ ስንመጣ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሴቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ከሚመጣ ጉዳት እንዲጠበቁ የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርትና መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቷቸዋል። ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 547 ያለ ሴቲቱ ፈቃድ፣ ወይም ፈቃዷን በዛቻ፣ በማስገደድ ወይም በማታለል አግኝቶ ጽንስ ያስወረደን ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ሌላውን ለወንጀል የገፋፋም በአነሳሽነት ይጠየቃል።

«በሽምግልና ይለቅ» የሚሉ አሉ። እርቅ መልካም ነው። ነገር ግን የሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚያየው ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ቀለብን፣ ውርስንና የመሳሰሉትን ነው፤ ወንጀል የፖሊስና የመደበኛ ፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። መስጊድ የምናገለግል ሰዎች የተበደለችን ሴት ለማስታረቅ ስንቀመጥ መጀመሪያ ሐቋን እንንገራት እንጂ ክሷን እንድትተው አንጫናት።

ታዲያ ምክር ይቅር ማለት አይደለም። ሐራሙን ሐራም ማለት ግዴታችን ነው፤ ጽንስን ማጥፋት ቀላል ነገር አለመሆኑንም እናስተምራለን። መለያው ግልጽ ነው፦ ሴቲቱ ሰምታ «አይሆንም» ስትል ቀለቧ ካልተቆረጠ፣ ካልተደበደበች፣ ካልተዛተባት፣ ካልተዋሸች፣ ያ ምክር ነው። ከነዚህ አንዱ ከገባበት ግን ዙልም ነው፤ በዱንያ ዳኛ፣ በአኺራም አላህ ይጠይቅበታል።

ወላሁ አዕለም።