አንጀታችሁን እንደገና የሚያስከፍታችሁ እፍረት አይሁን



ዛሬ ሰገራ በሆድ በኩል ወደ ከረጢት እንዲወጣ ስለሚደረግበት ቀዶ ሕክምና፣ ስለ ኮሎስቶሚ እጽፋለሁ። "ከረጢት ይዞ ከመኖር እንደገና ቢቀደድ ይሻላል" የሚለውን ምክር እቃወማለሁ።

በአገራችን አዋቂዎች ላይ ትልቁን አንጀት ከሚዘጉ ዋና ምክንያቶች አንዱ የአንጀት መጠምዘዝ ነው። የተጠማዘዘው ክፍል ከሞተ ተቆርጦ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜም ሕይወት ለማትረፍ የቀረው አንጀት ጫፍ በሆድ ቆዳ ላይ ይሰፋል። ታካሚው ከሞት ተርፎ ቦዲቲ ወይም ሁምቦ ሲገባ ግን የሚጠብቀው ጥያቄ "መቼ ነው የሚዘጋልህ?" የሚል ነው። ለጊፋታ ይድረስልኝ፣ ከልጄ ሠርግ በፊት ይሁንልኝ የሚልም አለ።

"መዝጋት" ስለተባለ በር እንደመዝጋት አትዩት። በእንዲህ ዓይነቱ ታካሚ ላይ ሆድ እንደገና ይከፈታል። የተገናኘው አንጀት ሊያፈስ ይችላል፤ ካፈሰ ሌላ ቀዶ ሕክምናና አዲስ ከረጢት ሊመጣ፣ ሕይወትም ሊያልፍ ይችላል። ጠንካራ ሰው ይህን አስቦበት ቢመርጥ መልካም ነው። ዕድሜው የገፋ ወይም የልብ ሕመም ያለበት አባት ከረጢቱን ቢመርጥም ተሸነፈ አይባልም። ውሳኔው የእሱ እንጂ የእድሩ አይደለም።

የልጆች ጉዳይ ይለያል። ፊንጢጣ ሳይኖረው ለተወለደ ወይም ሂርሽስፐርንግ የተባለ የአንጀት ነርቭ ችግር ላለበት ሕፃን ኮሎስቶሚ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ደረጃ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ችግር በግምት ከ5,000 ሕፃናት በአንዱ ላይ ይታያል። "ልጁ ደህና ነው" ብላችሁ ቀጠሮ አትተዉ። "ቶሎ ይዘጋ" ብላችሁም አታስቸኩሉ፤ ዋናው ችግር ሳይስተካከል ከተዘጋ ልጁ ወደ ቀድሞው ሕመሙ ይመለሳል።

አሁን ወደ እኛ ወደ ጤና ባለሙያዎች ልምጣ። በፌስታልና በጨርቅ ለሚኖር፣ ቆዳው ተልጦ ለሚያቃጥለው ሰው "ምረጥ" ማለት ቀልድ ነው። ያ ሰው ቀዶ ሕክምናውን የሚለምነው ከረጢት ስላጣ ነው። ሶዶ ቀዶ ሐኪሞች የሚሠለጥኑባት ከተማ ናት። አንጀት ማውጣት ከቻልን ከረጢት ማቅረብና አያያዙን ማስተማርም ግዴታችን ነው። ፋርማሲውም ጤና መድኑም ከረጢትን እንደ መድኃኒት ሊቆጥሩት ይገባል።

ከመፈረማችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ፦
1. ሆዴ እንደገና ይከፈታል?
2. በእኔ ዕድሜና ጤና አደጋው ምን ያህል ነው?
3. ባልሠራው ምን ይሆናል?
4. ከተሠራ በኋላ ሰገራዬን መቆጣጠር እችላለሁ?

ጤነኛ ስቶማ ቀይና እርጥብ ነው። ከጠቆረ፣ ወይም ሰገራና አየር መውጣት አቁሞ ሆድ ከተነፋና ካስመለሰ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

ከረጢት ያለው ሰው ያርሳል፣ ያገባል፣ ትወልዳለች፣ ይጸልያል። ለቅሶ ቤት ስታገኙት "መቼ ይዘጋል?" አትበሉት፤ አጠገቡ ተቀመጡ። ይህን ጽሑፍም ለሚያስፈልገው ቤተሰብ አድርሱልኝ።