ቤት ማደስ ከቀለም አይጀመርም

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ቤት የማደስ አሳብ በየሰው ልብ ያድራል። አንዱ ለሠርግ፣ አንዱ ለእናት ለአባቱ ማረፊያ፣ ሌላውም ለኪራይ ሲል ግንበኛና አናጢ ይፈልጋል። አሳቡ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የብዙ ሰው እድሳት የሚጀመረው ከቀለም ስለ ሆነ በጥቅምት ያማረው ግድግዳ በሐምሌ ይላጣል፤ ለዓመታት የተጠራቀመው ደመወዝም አብሮ ይፈሳል።

ይህ ለምን ይሆናል ብለን ብንጠይቅ ምክንያቱ የእጅ ጥበብ ማነስ ብቻ አይደለም። በመሥሪያ ቤቱ ያለ ዕቅድና ያለ ፊርማ አንዲት ብር የማያወጣው ወጣት ሠራተኛ ወደ ቤቱ ሲመለስ የራሱን ገንዘብ በቃል ብቻ ስለሚያስረክብ ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

በከተሞቻችን ካሉት የቆዩ ቤቶች ብዙዎቹ በባሕር ዛፍና በጭቃ የተሠሩ ናቸው። የእንዲህ ያለው ቤት ዋና ጠላት ውሃ ነው። ውሃ ከላይ በተበሳ ቆርቆሮ፣ ከታችም ከግድግዳው ሥር በተከመረ አፈር ይገባል፤ ቋሚውም ከመሬት በሚገናኝበት ቦታ ይበሰብሳል። ስለዚህ የሥራው ተራ የታወቀ ነው፤ ይኸውም በመጀመሪያ ጣራውና አሸንዳው፣ ቀጥሎ የውሃ መውረጃው፣ ከዚያ ቋሚውና ማገሩ፣ ከዚያ ምርጉና ልስኑ፣ በመጨረሻም ቀለሙ ነው። ይህን ተራ የገለበጠ ሰው ቁስሉን ሳያክም በጥሩ ልብስ የሸፈነ ያህል ነው።

ዕቃ ሲገዛም መመርመር ያስፈልጋል። የቆርቆሮ ውፍረት በጌጅ ሲነገር ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል። 32 ጌጅ ከ28 ጌጅ የሳሳ ነው፤ ቁጥሩ ስለ በለጠ ዕቃውም የበለጠ የሚመስለው ገዢ ይታለላል። አሸዋም ሲመጣ ጥቂቱን በውሃ በተሞላ ጠርሙስ ውስጥ በጥብጦ ማሳደር ነው፤ በማግሥቱ ከአሸዋው በላይ ወፍራም ጭቃ ተንጣሎ ከታየ ሳይታጠብ ለሲሚንቶ ሥራ አይሆንም። የሲሚንቶው ሥራ ካለቀ በኋላም ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ ይጠጣ፤ ፀሐይ ፈጥኖ ያደረቀው ሲሚንቶ ይሰነጠቃልና። ግድግዳው ቀጥ ማለቱንም የሚመሰክሩት ቱንቢና ውሃ ልክ እንጂ ዓይን አይደለም።

ከሁሉ በፊት ግን ውሉ በጽሑፍ ይሁን። የሥራው ዝርዝር፣ የዕቃው ዓይነትና ልክ፣ የሚያልቅበትም ቀን ይጻፍበት። ገንዘቡም ሥራው በየደረጃው እየታየ ይከፈል እንጂ በቀብድ ስም አብዛኛው አስቀድሞ አይውጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የግንባታ ተቋራጭ ሥራውን ካስረከበ በኋላ ለ10 ዓመት ስለ ሥራው ጥንካሬ ዋስ እንዲሆን ያዛል። በቃል ብቻ የተዋዋለ ሰው ግን የተስማማበትን ሥራ በምን ያስረዳል?

ይህን ማለታችን ሠራተኛውን ሁሉ ለመጠርጠር አይደለም። ጥሩ ባለሙያ ሥራው ሲለካለት ደስ ይለዋል፤ ልክ በሌለበት ቦታ የእርሱ ድካምና የሰነፉ ሥራ በአንድ ዋጋ ይታያሉና።

ዛሬ በገዛ ቤቱ ቱንቢ መያዝ የለመደ ወጣት ነገ የሕዝብ ትምህርት ቤት ወይም ድልድይ ሲረከብ በቀለም አይታለልም። እንግዲህ ወጣቶቻችን ብሩሹን ከማንሳታቸው በፊት ጣራውን ቀና ብለው እንዲያዩ እንመክራለን።