ሃያ ዓመት የሚጠብቅ ነጭ ወይን

እስቲ የሳሎን ቡፌዎን ይመልከቱ። ከሰሃኑና ከብርጭቆው ጀርባ፣ ከሠርግዎ ወይም ከልጅዎ ክርስትና የተረፈ አንድ የወይን ጠጅ ጠርሙስ ቆሞ ይሆናል። ወይን ሲቆይ ይጥማል ስለሚባል ማንም አይነካውም፤ ለክብር እንግዳ፣ ለልጅ ምረቃ ይጠበቃል። ቀኑ ደርሶ ሲከፈት ግን ብዙ ጊዜ የሚቀዳው ቀለሙ ወደ ቡናማ የዞረ፣ ሽታውም ተቆርጦ እንዳደረ ፖም የሆነ ነው። እመቤቲቱ በእንግዶቿ ፊት ታፍራለች። ጥፋቱ ግን የእርሷ ብቻ አይደለም።

አብዛኛው ወይን፣ ይልቁንም ነጩ፣ የሚሠራው በአንድ፣ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ ነው። ለመቆየት የሚሠራው ጥቂቱ ነው። ልዩነቱ ከምን እንደሚመጣ ለማየት ሻርዶኔ ከሚባለው የወይን ዘር የተሠራ አንድ ጠጅ እንውሰድ። የዘሩ አገር ፈረንሳይ፣ ቡርጎኝ ነው፤ በእኛም አገር ዝዋይ (ባቱ) ተተክሎ ጠጁ በ2014 ገበያ ላይ ወጥቷል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የምናነሣው ግን በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ የናፓ ሸለቆ፣ ባልና ሚስት የመሠረቱትን ስቶኒ ሂል የተባለ የወይን ቤት ነው። የስሙ ትርጉም ድንጋያማ ኮረብታ ማለት ነው።

ፍሬድ ማክሪና ባለቤቱ ኤሊኖር የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ሰዎች ነበሩ። ባል የማስታወቂያ ሥራ ይሠራ ነበር። በ1943 የፍየል መሰማሪያ የነበረ ተራራማ ቦታ ለማረፊያ ገዙ፤ ቆይተውም ወይን ተከሉበት። በዚያን ዘመን በካሊፎርኒያ ሻርዶኔ የሚተክል ገበሬ በጣት የሚቆጠር ነበር። የመጀመሪያው ጠጃቸው የ1952 ምርት ነው። መጠኑ ትንሽ ስለነበረ ስማቸውን ላስመዘገቡ ደንበኞች በደብዳቤ እያስታወቁ ይሸጡ ነበር።

ጠጁ እንዲቆይ ያደረገው አሠራሩ ነው። በወይን ፍሬ ውስጥ እንደ ጥሬ ፖም የሚቆመጥጥ አሲድ አለ። ጠጁ ከፈላ በኋላ፣ ባለሙያው ከፈቀደ፣ ረቂቅ ተሕዋስያን ያንን አሲድ እርጎ ውስጥ ወዳለው ለስላሳ አሲድ ይለውጡታል። ያን ጊዜ ጠጁ ይለዝባል፤ ቅቤ ቅቤም ይላል። ማክሪዎች ይህን ለውጥ ከለከሉ። አዲስ በርሜልም አልወደዱም፤ አዲስ የኦክ በርሜል የቫኒላና የተቃጠለ እንጨት ሽታ ይሰጣል፣ ያረጀው ግን የራሱን ሽታ ጨርሷል። ለጠጁ የቀረለት እንግዲህ ኮምጣጤነቱና የፍሬው ጣዕም ብቻ ነው። ኮምጣጤነቱ ደግሞ ጠጁን ከመበላሸት ይጠብቀዋል።

በ1976 ፓሪስ ላይ ስሙ ተሸፍኖ በተደረገ የቅምሻ ውድድር አንድ ሌላ የናፓ ሻርዶኔ የፈረንሳይን ነጮች በለጠ። የካሊፎርኒያ ሻርዶኔ ገበያ ደራ። ሰዉም እየዋለ እያደረ ቅቤ የሚሸተውን፣ ዛሬ ተገዝቶ ዛሬ የሚጠጣውን ለስላሳውን ወደደ። ፍሬድ በ1977 ሞተ። ወይዘሮ ኤሊኖር ከአንድ ባለሙያ ጋር ብቻቸውን ቀሩ፤ ጠጃቸውን እንደ ገበያው ማለስለስ ይችሉ ነበር። አላለሰለሱም። በ1991 እስከሞቱ ድረስ ያንኑ ኮምጣጣውን ነጭ ሠሩ፤ ልጃቸውና ምራታቸውም ቀጠሉበት። ቤቱ ከቤተሰቡ እጅ የወጣው በ2018 ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ የእኚህ ሴት አለመቸኮል ነው፤ የዚያን ዓመት ጠጃቸው ምን ያህል እንደሠመረ የሚታወቀው ከዐሥር ዓመት በኋላ ነበርና።

ጣዕሙስ? በልጅነቱ ቢቀምሱት ምላስ ይቆነጥጣል፤ የሎሚ ልጣጭና ጥሬ ፖም ይላል፤ ሽታውም ገና ዝምተኛ ነው። ለዚህ ነው የተደከመው ወይ ያሰኛል። ዐሥር ዓመት ሲያልፈው ገለባ የመሰለው ቀለሙ ወደ ወርቅ ይደምቃል (ነጭ ወይን ሲያረጅ ይጠቁራል፣ ቀይ ግን ይሣሣል)፤ የማርና የተቆላ ለውዝ ሽታ ያወጣል። ማር ይሽተት እንጂ እንደ ጠጃችን አይጣፍጥም፤ ስኳሩ ሁሉ ፈልቶ አልቋል። መልካም ከተቀመጠም ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ይጠብቃል።

መልካም ከተቀመጠ ብያለሁ። ቡሹ እንዳይደርቅና አየር እንዳያስገባ ጠርሙሱ በጎኑ ይተኛል፤ ከብርሃን ይራቅ፤ ቦታው ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 13 ዲግሪ ያህል ቢሆን ይመረጣል። በመስኮትና በምድጃ መካከል የቆመ ቡፌ ከዚህ አንዱንም አያሟላም።

ስለዚህ የእርስዎ ጠርሙስ ነጭ ከሆነና ለመቆየት የተሠራ መሆኑን ካላወቁ ምረቃውን አይጠብቁ። በሚመጣው እሑድ ያቀዝቅዙና ከዓሣ ወይም ከዶሮ ጥብስ ጋር ያቅርቡት። በቤትዎ ነፍሰ ጡር ካለች ለእርሷ ጭማቂ ይቅዱላት፤ አንድ ብርጭቆም ቢሆን ለፅንሱ አይበጅም። ቡሹን ነቅለው ጣዕሙ አልፎበት ቢያገኙት ግን ለእንግዳ አይቅዱት፤ ጠርሙሱን አጥበው ለዘይት ይጠቀሙበት።