«ስምህ የለም» የሚለው ማነው?

«ስምህ ሲስተም ላይ የለም።» ይቺን ዓረፍተ ነገር ከመስኮት ማዶ ያልሰማ ማን አለ? ሰውየው መታወቂያውን ይዞ ቆሟል፤ እሱ አለ፣ ስሙ ግን የለም። ጸሐፊዋም «ምን ላድርግ፣ ሲስተሙ ነው» ትላለች። እኔ ሲስተም ጽፌ የማድር ሰው ነኝና ልንገራችሁ፦ ሲስተሙ የታዘዘውን ነው የሚያደርገው።

ፓይተን ሁለት ስትሪንግ ሲያነጻጽር ድምፅ አይሰማም፤ የፊደላቱን ቁጥር ያያል። በዩኒኮድ «ሀ» 4608፣ «ሐ» 4624፣ «ኀ» 4736 ነው። ለጆሯችን አንድ፣ ለማሽኑ ሦስት። «ፀሐይ»ን በሁለቱ ጸ/ፀ እና በሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ብታባዙት 12 አጻጻፍ ይወጣል። የተመዘገበችው በአንዱ፣ የምትፈለገው በሌላው ከሆነ ፀሐይ የለችም!

«ትርፍ ፊደላቱን እናጥፋና እንገላገል» የሚሉ የሙያ ጓደኞች አሉኝ። ለምን ሲባል? ስም የባለቤቱ ነው፤ እንደጻፈው ይቀመጥለት። ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል፣ ሞክሼዎቹ ወደ አንድ የተመለሱበት ቅጂ ይኑር። ይሄ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ደግሞስ ፊደል ማጥፋት ለመቲ ምን ይፈይዳል? መቲ የዞን ዋና ከተማ ናት፤ የዞኑ ስም ራሱ አንዱ ጋ «ማጃንግ»፣ ሌላው ጋ «መዠንግር» ተብሎ ይጻፋል። በዚያው ክልል «አኙዋ»ም «አኝዋክ»ም አለ። የማጃንግ ቋንቋ ትንፋሽ ወደ ውስጥ እየተሳበ የሚነገሩ «በ» እና «ደ» አሉት፤ የአማርኛ ፊደል ደግሞ ለእነሱ የተለየ ምልክት የለውም። ስለዚህ መዝጋቢው የሰማውን ይገምታል። የልጁ ስም ትምህርት ቤት አንድ፣ ቀበሌ ሌላ ይሆናል። ከዚያ «የስም ማስተካከያ አምጣ» ይባላል። እናቱ ያወጣችለት ስም ምን ሆነና ነው የሚስተካከለው?

መፍትሔው ጀማሪ ፕሮግራመር የሚማረው ሊስት ነው። ለአንድ ሰው አንድ ስትሪንግ ብቻ አንመድብ፤ ስሙ የተጻፈባቸውን መልኮች ሁሉ በሊስት እንያዝለት፣ ፍለጋውም ሁሉንም ይይ። «ሁለት ሰው ቢምታታስ?» ትሉኛላችሁ። ይምታታል፣ ፕሮግራሙ ብቻውን ከወሰነ። አይወስን! የሚቀራረቡትን ከነአባትና ከነአያት ስም፣ ከነልደት ቀን ለጸሐፊዋ ያሳያት፤ ባለቤቱ ፊቷ ቆሟል፣ ጠይቃ ትለይ።

ማሽኑ «የለም» ከማለቱ በፊት «ይሄ ይሆን?» ማለት ይልመድ። ይህን ማስተማር የእኛ የፕሮግራመሮቹ ሥራ እንጂ የባለስሙ ዕዳ አይደለም።