ስኳር ሳይኖርብኝ የስኳር መድኃኒት ለምን ታዘዘልኝ?

የልብ ድካም ኖሮብዎት ከሞያሌ ወደ ማርሳቢት ወይም ወደ ናይሮቢ ሪፈር ተብለው ሄዱ እንበል። ሲመለሱ ከያዟቸው ኪኒኖች አንዱ ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኢምፓግሊፍሎዚን የሚባል ነው። አንብቦ የሚነግርዎ ሰው «ይሄ እኮ የስኳር መድኃኒት ነው» ይልዎታል። ያን ጊዜ «ሐኪሙ ተሳስቷል» ወይም «ስኳር እንዳለብኝ ደብቀውኛል» ብለው ኪኒኑን ይተዉታል፤ አለዚያም ስኳር ላለበት ጎረቤት ይሰጡታል። በእኔ አስተያየት እዚህ ላይ ጥፋቱ የሕመምተኛው ብቻ አይደለም። መድኃኒቱን ያስረከበው ባለሙያ ሁለት ደቂቃ ወስዶ ምክንያቱን ማስረዳት ነበረበት።

ምክንያቱ ይህ ነው። የልብ ድካም ማለት ልብ ቆመ ማለት ሳይሆን ልብ ደምን እንደሚገባው መርጨት አቃተው ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ውኃና ጨው በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ እግር ያብጣል፤ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥራል። እነዚህ ኪኒኖች ደግሞ ኩላሊት ስኳርንና ጨውን ከሽንት ጋር እንዲያስወጣ ያደርጋሉ። መጀመሪያ የተሠሩት ለስኳር ሕሙማን ሲሆን፣ ለልብም እንደሚጠቅሙ የታወቀው ኋላ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 በወጣ ጥናት፣ በ20 አገሮች 4744 የልብ ድካም ሕሙማን ተከታትለዋል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ስኳር አልነበረባቸውም። በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ውስጥ ሕመሙ የባሰባቸው ወይም በልብና በደም ሥር ሕመም የሞቱት፣ ዳፓግሊፍሎዚን ካልወሰዱት ከ100ው 21 ያህል፣ ከወሰዱት ግን 16 ያህል ነበሩ። ጥቅሙ ስኳር ላለበትም ለሌለበትም ታይቷል።

ነገር ግን ይህን ሰምተው የጎረቤትዎን የስኳር ኪኒን እንዳይውጡ አደራ! ግሊቤንክላማይድ ስኳር የሌለበትን ሰው ስኳሩን አውርዶ ራሱን ሊያስተው ይችላል። ፒዮግሊታዞን የሚባለው ደግሞ ውኃ በሰውነት እንዲጠራቀም ስለሚያደርግ የልብ ድካምን ያባብሳል። በአንድ ስም «የስኳር መድኃኒት» ይባሉ እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው።

በእኛ አካባቢ ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣና ኢትዮጵያና ኬንያ የተካተቱበት የ9 የአፍሪካ አገሮች ጥናት እንደሚያሳየው፣ በልብ ድካም ሆስፒታል የገቡት ሰዎች አማካይ ዕድሜ 52 ነበር። ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ናቸው ማለት ነው። ዋናው መንስኤ የደም ግፊት ሲሆን፣ በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣው የልብ በር ጉዳትም ብዙዎችን ይጎዳል። በ2019ኙ ጥናት የልብ በራቸው ተጎድቶ ያልታከመ ሰዎች አልተካተቱም። ስለዚህ የሕመምዎ መንስኤ ምን እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ሞያሌ ሞቃት ነው፤ ውኃም በጀሪካን የሚለካ ነው። ኪኒኑ ሽንት ያበዛል፤ ከላሲክስ ጋር ሲሆን ደግሞ ሰውነትን ሊያደርቅ ይችላል። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዘዎት፣ ወይም ምግብና መጠጥ ካልወርድ ካለዎት፣ ኪኒኑን ለጊዜው አቁመው ዕለቱን ወደ ክሊኒክ ይሂዱ። ረመዳንንም ሆነ ሁዳዴን የምትጾሙ፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪም አማክሩ። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴትና ከጅምሩ በኢንሱሊን የሚኖር የስኳር ሕመምተኛ ይህን መድኃኒት በራሳቸው መጀመር የለባቸውም።

አንድ የሚታፈርበት ነገርም አለ። ሽንት ውስጥ ስኳር ስለሚወጣ ብልት አካባቢ ማሳከክ ሊመጣ ይችላል፤ በተለይ በሴቶች። እናቶችና እኅቶች ይህን «ሌላ በሽታ» መስሏቸው፣ ወይም ባል ይጠረጥረኛል ብለው ዝም ይላሉ፤ መድኃኒቱንም በድብቅ ያቆማሉ። በቀላሉ የሚታከም ስለሆነ ለሴት የጤና በጎ ፈቃደኛ ይንገሩ። በተመሳሳይ ምክንያት የሽንት ምርመራ ስኳር ቢያሳይ አይደንግጡ፤ ነገር ግን ኪኒኑን እንደሚወስዱ ለመርማሪው አስቀድመው ይንገሩ።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 ከኢትዮጵያው ሞያሌ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደዚህ ሲሻገሩ ምን ያህል በጥድፊያ እንደነበር ብዙዎቻችን አንረሳውም። በእንዲህ ያለ ቀን ኪኒኑ ቢቀር እንኳ ስሙና መጠኑ የተጻፈበት ወረቀት ከመታወቂያዎ ጋር አብሮ ይኑር። በጎ ፈቃደኞችም ቤት ለቤት ስትዞሩ «መድኃኒትዎን ወስደዋል?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። «ይህ ኪኒን ለምን እንደታዘዘልዎ ተነግሮዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ «አልተነገረኝም» ከሆነ በማግስቱ ከሕመምተኛው ጋር ወደ ክሊኒኩ ሂዱ።