ከመንደሩ በፊት ሰርቨሩ

አየርላንድ ነፋስ የማይጠፋባት አገር ናት። ኮረብታዎቿም በነፋስ ተርባይን ተሞልተዋል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2015 ከአገሪቱ የኤሌክትሪክ ፍጆታ 5 በመቶውን ብቻ ይወስዱ የነበሩት ዳታ ሴንተሮች በ2023 ድርሻቸው 21 በመቶ ደረሰ። በዚያው ዓመት የከተማ ቤቶች ሁሉ ተደምረው የተጠቀሙት 18 በመቶ ነው። የአገሪቱ የኃይል አስተላላፊ ኤርግሪድ በደብሊን ዙሪያ እስከ 2028 ድረስ አዲስ ዳታ ሴንተር ለማገናኘት እንደሚቸገር አስታወቀ። መስመር ያጡት አንዳንዶቹ ታዲያ ፊታቸውን ወደ ጋዝ ቧንቧ አዞሩ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ደግሞ ጥሙን አብሶታል። ኤች 100 የተባለው የኤንቪዲያ ቺፕ አንዱ ብቻውን እስከ 700 ዋት ይስባል። አምስቱ ሲደመሩ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያህል ናቸው፤ በአንድ ሰርቨር ውስጥ ግን ስምንቱ ይደረደራሉ። ምጣዱ እንጀራው ተጋግሮ ሲያልቅ ይነቀላል። ሰርቨሩ ሌት ተቀን ይሠራል፤ ሙቀቱን ለማብረድም ተጨማሪ ኃይል፣ ብዙ ጊዜም ውኃ ይፈልጋል። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ በ2024 የዓለም ዳታ ሴንተሮች 415 ቴራዋት ሰዓት ያህል እንደተጠቀሙ፣ በ2030 ደግሞ ይህ ከእጥፍ በላይ እንደሚሆን ገምቷል።

ኩባንያዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ሜታ በዴንማርክ ኦዴንሴ ከሰርቨሮቹ የሚወጣውን ሙቀት ለከተማው ቤቶች ማሞቂያ ያቀርባል። ማይክሮሶፍት በፔንሲልቬንያ ሥራ ያቆመ የኒውክሌር ማብላያ ዳግም እንዲከፈት የ20 ዓመት የግዢ ውል ፈርሟል። ችግሩ «መቶ በመቶ ታዳሽ» የሚባለው ሂሳብ ላይ ነው። ብዙዎቹ በዓመት የተጠቀሙትን ያህል የነፋስና የፀሐይ ኃይል ገዝተው ሚዛኑን በወረቀት ላይ ያስተካክላሉ። ነፋስ በሌለበት ሌሊት ሰርቨሩን የሚያንቀሳቅሰው ግን ከጎረቤት ያለው የጋዝ ጣቢያ ነው። የጉግል የራሱ ሪፖርት እንኳ በ2023 ልቀቱ ከ2019 በ48 በመቶ ከፍ ማለቱን አምኗል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ የወረቀት ጨዋታ አያስፈልግም። ኤሌክትሪካችን ከሞላ ጎደል ከውኃ የሚመነጭ ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 የቢትኮይን ማይኒንግን ስትከለክል ኩባንያዎች ወደዚህ የመጡት ለዚሁ ርካሽ ኃይል ነበር። ክፍያው በዶላር ስለሆነ አገሪቱም በደስታ ተቀበለቻቸው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ዳታ ማይኒንግ ብሎ ለሚጠራው ለዚህ ሥራ አዲስ ፈቃድ መስጠት ማቆሙን ገለጸ። 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ በተመረቀበት ሰሞን መሆኑ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ውሳኔው ቀደም ብሎ መምጣት ነበረበት።

ምክንያቱም ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ዛሬም መብራት የለውም። የደረሰውም ቢሆን ብዙው የሚያበስለው በእንጨትና በከሰል ነው። ስለዚህ እዚህ አገር ላይ «ኃይሉ ንጹሕ ነው» ማለት ብቻውን ነገሩን አይዘጋም። ለሰርቨር የተሸጠው ኃይል ማከፋፈያ ጣቢያና ትራንስፎርመር ተሠርቶለት ለአንድ ወረዳ ቢደርስ ኖሮ የሚቀረው ጭስ ከሒሳቡ መግባት አለበት። የዶላሩ ገቢ ለዚያ መስመር ዝርጋታ ከዋለ ሽያጩ ያዋጣል፤ ለሌላ ቀዳዳ መድፈኛ ከሆነ ግን መንደሩ ሁለት ጊዜ ተበደለ።

ይህ በሩን ለዳታ ሴንተር መዝጊያ ሰበብ መሆን የለበትም። በአዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ሥራ የጀመሩት ማዕከላት የባንክና የመንግሥት መረጃ አገር ውስጥ እንዲቀመጥ ያስችላሉ፤ በአማርኛና በኦሮምኛ የሚሠራ አስተውሎትም ማደሪያ ይፈልጋል። ከእነሱ ጋር የሚገባው የኃይል ውል ግን ጥርስ ይኑረው። የአየርላንድ የኃይል ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ያወጣው መመሪያ አዲስ የሚገናኙ ዳታ ሴንተሮች የራሳቸውን ማመንጫ ወይም ባትሪ እንዲያቀርቡ፣ ከዓመት ፍጆታቸው 80 በመቶውንም በአገር ውስጥ በሚጨመር ታዳሽ ኃይል እንዲሸፍኑ ያስገድዳል። እኛ ዘንድ ደግሞ ምሽት ላይ፣ ከተማው ሁሉ ምድጃ በሚለኩስበት ሰዓት፣ ጭነት የመቀነስ ግዴታ መጨመር አለበት። አንድን የሞዴል ሥልጠና ለሦስት ሰዓት ማቆየት ይቻላል፤ እራት ማቆየት አይቻልም።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከዳታ ማይኒንግ ያገኘውን ገቢ በሪፖርቶቹ ሲገልጽ ቆይቷል። ከገቢው አጠገብ እነዚህ ደንበኞች በምሽት ሰዓት ስንት ሜጋዋት እንደሳቡና ገንዘቡ ስንት ቀበሌ እንዳገናኘም ይጻፍ።